ከበርሊን ወደ ብሮከን በእንፋሎት ባቡር፦ አባቴን በአንድ ቀን ወስጄ መመለስ እችላለሁ?

የድሬ ልጅ
ሰላም ለሁላችሁ። አባቴ ከድሬዳዋ ሊጠይቁኝ በርሊን መጥተዋል። ዕድሜያቸውን ያሳለፉት ምድር ባቡር ውስጥ የናፍጣ ሎኮሞቲቭ ሲጠግኑ ነው፤ በእንፋሎት የሚሄድ ባቡር ግን ተሳፍረው አያውቁም። ስለዚህ በመጪው ቅዳሜ ከሰባት ዓመት ልጄ ጋር ወደ ሃርዝ ተራሮች፣ ብሮከን የሚባለው ተራራ ጫፍ ድረስ ልወስዳቸው አስቤአለሁ። ጉልበታቸውን ያማቸዋል። በአንድ ቀን ደርሶ መመለስ ይቻላል? ምን እንልበስ? ምግብስ? እርሳቸው የጠየቁኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «የሐዲዱ ስፋት ስንት ነው?»

ባቡር ወዳድ
እህቴ፣ ከአባትሽ ጥያቄ ልጀምር። ልክ 1000 ሚሊ ሜትር ነው፤ ከጅቡቲ አዲስ አበባ የተዘረጋው የድሮው ሐዲዳችንም ስፋቱ ይኸው ነበር። ዘመናቸውም ይቀራረባል፤ በአውሮፓ አቆጣጠር የብሮከኑ በ1899 ጫፍ ደረሰ፣ የእኛው በ1902 ድሬዳዋ ገባ። ዛሬ የብሮከንን ዳገት የሚወጡት ትልልቆቹ ሎኮሞቲቮች ግን ከ1954 እስከ 1956 እዚያው አጠገባችሁ ባቤልስበርግ የተሠሩ ናቸው፤ አምስት ጥንድ አንቀሳቃሽ ጎማ አላቸው።

አንድ ነገር አሳዪያቸው፦ ሎኮሞቲቩ ሽቅብ ሲወጣ የጭስ ማውጫው ወደ ፊት ነው፣ ሲመለስ ግን የኋሊት ይወርዳል። ዳገቱ ላይ የቦይለሩ (የውሃ ማፍያው ጋን) ውሃ ወደ ኋላ፣ ወደ እሳቱ ሳጥን ስለሚያዘነብል የሳጥኑ ጣሪያ በውሃ እንደተሸፈነ ይቆያል። ጣሪያው ከተራቆተ አደጋ ነው። ድራይ አነን ሆኸ ጣቢያ ላይ ውሃ ለመሙላት ይቆማል፤ ያኔ አውርደሻቸው ወደ ፊት ውሰጃቸው። ለእኔ የጉዞው ዋና ነገር ጫፉ ሳይሆን ይህ ቦታ ነው።

የማግደቡርጓ
በአንድ ቀን ይቻላል፤ እኔ ግን አላደርገውም። ቅዳሜና እሁድ ከበርሊን ቬርኒገሮደ ያለ ቅያሪ የሚሄድ ሃርዝ በርሊን ኤክስፕረስ የሚባል ባቡር አለ፤ ሦስት ሰዓት ገደማ ይወስዳል። ተጠንቀቂ፦ ሃልበርሽታት ላይ ለሁለት ይከፈላል፣ አንዱ ክፍል ወደ ታለ ይሄዳል። ስትሳፈሩ ፉርጎው ላይ የተጻፈውን መድረሻ ሳታነቡ እንዳትቀመጡ። ቬርኒገሮደ ስትደርሱ የእንፋሎት ባቡሩ ጣቢያ እዚያው ጎን ነው፤ ከዚያ እስከ ጫፍ አንድ ሰዓት ከ40 ደቂቃ ያህል ነው። መልሱን ስትደምሪው ለታመመ ጉልበት ብዙ ነው። ቢቻል ቬርኒገሮደ አንድ ሌሊት እደሩ። የፉርጎዎቹ መወጣጫ ደረጃም ከፍ ያለ ስለሆነ አንቺ ከኋላ ሁኚላቸው።

የቀድሞ ተማሪ
በምሥራቅ ጀርመን ዘመን እዚያ አካባቢ ተምሬአለሁ። ተራራውን ከሩቅ እናየው ነበር፤ መውጣት ግን የማይታሰብ ነው። ከ1961 እስከ 1989 የድንበር ወታደሮች ይዘውት ለሕዝብ ዝግ ነበር።

ስለ ልብስ፦ ብሮከን 1141 ሜትር ብቻ ነው፤ ከድሬዳዋ አይበልጥም። አባትሽ ይህን ሰምተው እንዳይዘናጉ! ነፋሱ አጥንት ይሰብራል፤ በዓመት 300 ቀን ያህል ጉም ይወርድበታል። ወፍራም ካፖርትና ኮፍያ ያዙ። ጉም ከሆነ ከጣቢያው ሳትርቁ በሚቀጥለው ባቡር ውረዱ።

እማማ ሽሮ
ነጭ ልብስና ነጠላ ቤት ይቅር፤ ጥላሸት አለ። የልጅቷን ዓይን ጠብቂ፣ በፉርጎው ጫፍ ያለው ክፍት በረንዳ ላይ ብናኝ ይመጣል። እላይ የሚታወቀው ምግብ የአተር ሾርባ ነው። ሲሰሙት የጾም ይመስላል፤ ብዙ ጊዜ ግን የአሳማ ቋሊማ ይገባበታል። ጠይቀሽ እዘዢ፣ ወይም እንደኔ ዳቦና ሻይ በፔርሙዝ ያዢ።

የድሬ ልጅ
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ማደሩን መርጠናል። ለቲኬቱ ገንዘብ ለመቆጠብ ከመሃል ጣቢያ ብንሳፈርስ? ደግሞ በናፍጣ ባቡር ቢወስዱንስ? አባቴ ይስቁብኛል።

ባቡር ወዳድ
የብሮከን ቲኬት ከቬርኒገሮደም፣ በመሃል ካለው ሺርከ ጣቢያም ብትነሡ ዋጋው አንድ ነው፤ ርካሽም አይደለም፤ ስለዚህ ከታች ጀምሩ። በእንፋሎት የሚሄደው የትኛው እንደሆነ የጉዞ ሰሌዳው ላይ ምልክት አለው። በድርቅ ጊዜ የደን እሳት ስጋት ሲበረታ በናፍጣ የሚተኩበት ጊዜ አለና፣ ዓርብ ማታ ድረ ገጻቸውን ተመልከቺ።