የካናዳ ቴምብር ጠርዝ ላይ ያለው ቁጥር፦ ልቁረጠው ወይስ ልተወው?

የአዳማ ልጅ፦
ሰላም ለሁላችሁ። አባቴ ካረፈ በኋላ ሳጥኑን ሳስተካክል የካናዳ ቴምብር የሞላበት ደብተር አገኘሁ። ተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት ሲማር ያስተማረው አንድ ካናዳዊ መምህር አገሩ ከተመለሰ በኋላም ደብዳቤ እየጻፈ ቴምብር ይልክለት ነበር። ደብተሩ ለእኔ ለሴት ልጁ ደርሶኛልና አዲስ አልበም ገዝቼ በወግ ላስቀምጣቸው ነው። ባለ 5 ሳንቲም ሰማያዊ፣ ንግሥት ኤልሳቤጥና የዓሣ አጥማጆች መንደር ያለበት፣ አራቱ እንደተያያዙ አሉ፤ ማኅተም አላረፈባቸውም። በግራና በታች በኩል ነጭ ጠርዝ አላቸው፤ ጠርዙ ላይ ካናዲያን ባንክ ኖት ኩባንያ፣ ኦታዋ፣ ቁጥር 1 የሚል ጽሑፍ አለ። አልበሙ ኪስ ውስጥ ሳስገባው ጠርዙ ይተርፋል። ልቁረጠው? ደግሞ ባለ 6 ሳንቲም ብርቱካናማ ሁለት አሉኝ፤ ጎን ለጎን ሳያቸው የአንዱ ጥርስ ሰፋ ያለ፣ የሌላው ደቀቅ ያለ ነው። አንደኛው ሐሰተኛ ይሆን?

ማጉያ መነጽር፦
አባትሽን ነፍስ ይማር። እኔም እዚሁ አዳማ ነኝ፤ ቴምብር መሰብሰብ የጀመርኩት ተማሪ ሳለሁ ነው። እባክሽ ያንን ጠርዝ እንዳትነኪው! ከተቆረጠ የሚቀርሽ አራት ሰማያዊ ቴምብር ብቻ ነው። ከነጠርዙ ከሆነ ግን ማን እንዳተመው፣ በየትኛው ፕሌት (ሥዕሉ የተቀረጸበት ማተሚያ ብረት) እንደታተመ፣ የሉኩ የትኛው ማዕዘን እንደነበረ ያየ ሁሉ ያውቃል። የአንቺ ግራ ታች ነው። ከአንድ ፕሌት አራቱንም ማዕዘን አሟልቶ ለማግኘት ዓመታት የሚለፋ ሰብሳቢ አለ። ለኪሱ ሲባል ቴምብሩ አይቆረጥም፤ ሰፋ ያለ ኪስ ፈልጊለት።

ቁጥሩ ለምን እንደሚጠቅም ልንገርሽ፤ እኔን በዚህ ነገር ያሰረኝም እሱ ነው። በዚያ ዘመን ሥዕሉ መጀመሪያ በእጅ በአንድ ትንሽ ብረት ላይ ይቀረጻል። ብረቱ ከጠነከረ በኋላ ሥዕሉ ወደ ሌላ ክብ ብረት ይገለበጣል፤ ያም በተራው ይጠነክርና ፕሌቱ ላይ ለእያንዳንዱ ቴምብር አንድ ጊዜ እየተሽከረከረ ይጫናል። አንዱ ቦታ ደከም ካለ ወይም ፈቀቅ ካለ እንደገና ይጫንበታል። የፊተኛው መስመር በደንብ ካልጠፋ በማጉያ ሲታይ ፊደሉ ወይም ክፈፉ ድርብ ሆኖ ይወጣል። እንዲህ ያለው ምልክት የፕሌቱ ስለሆነ፣ በዚያ ፕሌት በታተመ ሉክ ሁሉ ላይ እዚያው ቦታ ይደጋገማል። የመሥሪያ ቤት ማኅተም አንድ ፊደሉ ከተሸረፈ በሚያትመው ደብዳቤ ሁሉ ላይ ተሸርፎ እንደሚታየው ማለት ነው። የቀለም ጠብታ ግን ሌላ ነገር ነው፤ አንዱ ሉክ ላይ ወድቆ በዚያው ይቀራል። ሁለቱን ለመለየት ደግሞ የፕሌቱን ቁጥርና ቴምብሩ የነበረበትን ቦታ ማወቅ ይጠይቃል።

እ.ኤ.አ. በ1935 የወጣውን ባለ 1 ሳንቲም ውሰጂ። ኤልሳቤጥ ገና ልዕልት ሳለች የታተመ ነው። አንድ ፕሌት ላይ፣ አንድ ቦታ ላይ ብቻ፣ ከዓይኗ በታች እንባ የሚመስል ጭረት አለ፤ ሰብሳቢዎች «የምታለቅሰዋ ልዕልት» ይሏታል። መጀመሪያ ባየኋት ቀን ማጉያውን ከዓይኔ ማንሳት አቃተኝ።

ጥርሱን በተመለከተ ሐሰተኛ ነው ብለሽ አትስጊ። ማስመሪያ ያዢና በ2 ሴንቲ ሜትር ውስጥ ስንት ቀዳዳ እንዳለ ቁጠሪ፤ ከላይም ከጎንም። ብርቱካናማው እ.ኤ.አ. በ1968 ሲወጣ ያተመው ብሪቲሽ አሜሪካን ባንክ ኖት ነው፤ ጥርሱም 10 ነበር። በኋላ ያው ማተሚያ ቤት ከላይና ከታች 12½፣ በጎን 12 አደረገው። ሁለቱም እውነተኛ ናቸው፤ ለየብቻ ይቀመጣሉ።

ፍራንኮ ሰፈር፦
ጋሼ፣ ስለ ዋጋው ምንም አላሉም። የአራቱ ሰማያዊ ስንት ያወጣል? የካናዳ ቴምብር በሚሊዮን ብር ተሸጠ ሲባል ሰምቻለሁ።

ማጉያ መነጽር፦
ወንድሜ፣ እውነቱን ልንገርህ፤ ብዙ አያወጣም። ይህ ተከታታይ እ.ኤ.አ. በ1967 ለካናዳ መቶኛ ዓመት የወጣ ነው። ከነቁጥሩ ገዝቶ ያስቀመጠው ሰው ስለበዛ ዛሬም በቀላሉ ይገኛል። ትልቅ ዋጋ የሚያወጡት ሌሎች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1959 ለሴንት ሎረንስ የመርከብ መንገድ መከፈት የወጣው ባለ 5 ሳንቲም በሁለት ቀለም ነው የታተመው፤ ወረቀቱ በመኪናው ሁለት ጊዜ ያልፋል። ጥቂት ሉኮች በሁለተኛው ዙር ተገልብጠው ገቡና መሃሉ ተዘቅዝቆ ወጣ። የሚታወቁት ወደ 400 ገደማ ናቸው። ይህ የሠራተኛ ስህተት ነው እንጂ የፕሌት ምልክት አይደለም። የእህታችን ደብተር ግን በገንዘብ ብቻ መመዘን የለበትም፤ ጃንሆይ ጠርተዋቸው እ.ኤ.አ. በ1945 ከአባ ሉሲየን ማት ጋር የመጡት ካናዳውያን ኢየሱሳውያን (የካቶሊክ ማኅበር አባላት) ተፈሪ መኮንንን ያስተማሩበት ዘመን ትዝታ አለበት። እኔ ብሆን አልሸጠውም።

የአዳማ ልጅ፦
በጣም አመሰግናለሁ ጋሼ። ጠርዙ አይነካም። ቆጠርኩ፤ ሰፊው ብርቱካናማ 10፣ ደቃቁ እንዳሉት ከላይ 12½፣ በጎን 12 ነው። አንድ ጥቁር ባለ 6 ሳንቲምም አለኝ፤ እሱ በአራቱም ጎን 12 ሆነብኝ። የአራቱ ሰማያዊ ሙጫ ደግሞ ቢጫ ቢጫ ይላል፤ ብርሃን ላይ ሳዘነብለው ያብለጨልጫል። ተበላሽቶ ነው? ከደብዳቤዎቹ ጋር የቀሩ ፖስታዎችም አሉ፤ ቴምብሮቹን በውሃ ነክሬ ላላቅቃቸው?

ማጉያ መነጽር፦
አልተበላሸም። የዚህ ተከታታይ የቀደሙት ሙጫ እንደዚያ ቢጫና የሚያብለጨልጭ ነው፤ የኋለኞቹ ፒ ቪ ኤ የሚባል ነጣ ያለና የማያብለጨልጭ ሙጫ አላቸው። ጥቁሩ እ.ኤ.አ. በ1970 ሲወጣ ያተመው ብሪቲሽ አሜሪካን ነበር፤ በአራቱም ጎን 12 የሆነው ግን ቆየት ብሎ ካናዲያን ባንክ ኖት ያተመው ነው፤ ለብቻው አስቀምጪው።

ሙጫ ያለውን ጠረጴዛ ላይ አትተዪው፤ የእኛ ከተማ ሙቀትና አቧራ አይምረውም። ለስላሳና የሚሸት ፕላስቲክ ውስጥም አታስገቢው፤ ውሎ አድሮ ቀለሙን ያበላሻል።

ፖስታዎቹን ግን በፍጹም አትንከሪ። የተላከበት ከተማና ቀን ያለው እዚያ ማኅተሙ ላይ ነው። ሐሰተኛ ብር የሚለዩበት መብራት ያለው ሱቅ ካወቅሽ ይዘሻቸው ሂጂ። አንዳንዱ ወረቀት በመብራቱ ሥር ደምቆ ነጭ ይሆናል፤ አንዳንዱ ደብዛዛ ይቀራል። ቁመቱን ተከትሎ የሚያበራ መስመር ያለበት ካጋጠመሽ በካናዳዋ ዊኒፔግ ከተማ የተጀመረው ሙከራ ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ1962 ጀምሮ የፖስታ ቤቱ መኪና ቴምብሩ ያለበትን ጎን ፈልጎ ደብዳቤውን እንዲያዞር የተቀባ ነው። መስመሩ አንድ ነው ሁለት? መሃል ላይ ነው ጠርዝ ላይ? አይተሽ እዚህ ጻፊልን።