ተተኪ መምህር ያለ አድሚን ፓስወርድ ቬዮንን (የኮምፒዩተር ክፍል መቆጣጠሪያ ፕሮግራም) እንዴት ይክፈት?

ሐዋሳ፣ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ኮምፒዩተር ላብ። ዊንዶውስ 10 ፕሮ የተጫነባቸው 24 ኮምፒዩተሮች በአንድ ራውተር ኢንተርኔት ያገኛሉ። ራውተሩ ላይ ለልጆች የማይሆኑ ድረ ገጾችን የሚያግደውን የክላውድፍሌርን የቤተሰብ ማጣሪያ ዲኤንኤስ (የድረ ገጽ ስምን ወደ አድራሻ የሚተረጉም አገልግሎት፤ 1.1.1.3 እና 1.0.0.3) አስገብተናል። ልጆቹ ክሮም ላይ «ሴኪዩር ዲኤንኤስ»ን ወደ ሌላ አቅራቢ እየቀየሩ ያልፉት ነበር፤ የዲኤንኤስ ጥያቄው ተመስጥሮ ተራ ድረ ገጾች በሚጠቀሙበት በፖርት 443 ስለሚሄድ ራውተሩ ከተራ ድረ ገጽ አይለየውም። እሱን በግሩፕ ፖሊሲ (ተጠቃሚ እንዳይቀይረው በሚቆልፍ የዊንዶውስ ቅንብር) ዘጋነው። ተማሪዎች የሚገቡትም የአድሚን ሥልጣን በሌለው ስታንዳርድ አካውንት ነው።

ጣጣው የአይሲቲ መምህሩ ሲቀር ነው። የሒሳብ ወይም የስፖርት መምህር ክፍለ ጊዜውን ሊሸፍን ይመጣል። ስክሪን ማየትና መቆለፍ እንዲችል ቬዮን ጭነናል፤ አጠቃቀሙን ለማሳየት ግማሽ ሰዓት ይበቃል። ማረጋገጫው በቁልፍ ፋይል ነው፦ የግል ቁልፉ በመምህሩ ኮምፒዩተር ላይ ብቻ፣ የሕዝብ ቁልፉ በተማሪዎቹ ላይ። ለተተኪዎች በከፈትነው ስታንዳርድ አካውንት ግን ቬዮን ማስተር (መምህሩ የሚከፍተው የቬዮን ክፍል) «ቁልፍ አላገኘሁም» ብሎ ይቆማል። በአድሚን አካውንት ያለችግር ይሠራል። አራግፎ እንደገና መጫን አልፈየደም።

እናም የአድሚን ፓስወርድ በብጣሽ ወረቀት ይሰጣል፣ ወረቀቱም ጠረጴዛ ላይ ይቀራል። ያኔ ማጣሪያ አለ ማለት ከንቱ ነው። የደህንነቱ ኃላፊነት ደግሞ የትምህርት ቤቱ እንጂ ለ40 ደቂቃ የገባው መምህር አይደለም። ተተኪዎቹን አድሚን ማድረግም ያው ነው።

የግል ቁልፉን የተተኪዎቹ ስታንዳርድ አካውንት እንዲያነበው፣ በዚያው ኮምፒዩተር የሚገባ ተማሪ ግን እንዳይደርስበት ፈቃዱ የሚስተካከለው የት ገብቶ ነው?