ከቤት ወይስ ከክሊኒክ? ለሦስት ሳምንት አዲስ አበባ ለምትመጪው እህታችን

እህቴ፣ ልጅ ለማግኘት ሁለት ዓመት ሞክረን አልሆነልንም ብለሽ ከፍራንክፈርት የጻፍሽውን ጥያቄ ካነበብኩ በኋላ ዝም ማለት አልሆነልኝም። እኔም ስዊድን ኖሬ የተመለስኩ ፋርማሲስት ነኝ። የምሠራበት መድኃኒት ቤት ከቸርችል ጎዳና ብዙም አይርቅም፤ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል በቅርብ ስላለ ከየክፍለ ሀገሩ ማዘዣ ይዞ የሚመጣ ሰው አይጠፋም። ልጅ የሚፈልጉ ባልና ሚስት ሲመጡ ከሁኔታቸው አውቃቸዋለሁ። ሌላው ደንበኛ እስኪወጣ መደርደሪያውን እያዩ ይቆማሉ፤ ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ይጠይቃሉ።

በኢንተርኔት ያዘዝሽውን የቤት ውስጥ የዘር ማስገቢያ መሣሪያ ይዘሽ ትምጪ ወይስ እዚህ ክሊኒክ ቀጠሮ ትያዢ እንደሆነ ጠይቀሻል። የእኔ ሐሳብ፣ መሣሪያውን ፍራንክፈርት ተዪው፤ ሦስቱን ሳምንት ደግሞ ለሕክምና ሳይሆን ለምርመራ አውዪው የሚል ነው።

መሣሪያው የሚሠራው ቀላል ሥራ ነው። መርፌ በሌለው ሲሪንጅ የዘር ፈሳሹን ከማህፀን በር አጠገብ ያደርሳል። ግንኙነት ያለ ችግር በሚፈጸምበት ትዳር ግን ዘሩ ያለ ምንም መሣሪያ የሚደርሰው እዚያው ነው። ግንኙነት ከባድ ሕመም ለሚሆንባት ሴት፣ ወይም ባሏ እስከ መጨረሻው መፈጸም ለሚቸገር ሴት እውነተኛ እርዳታ ነው፤ በአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ2023 ያለ ማዘዣ እንዲሸጥ የፈቀደው ዓይነትም አለ። አንቺ ግን እንዲህ ያለ ችግር የለብንም ብለሻል። አደራ የምልሽ ነገር ቢኖር፣ ያልታጠበ የዘር ፈሳሽ በምንም መንገድ የማህፀን በርን አልፎ ወደ ውስጥ እንዳይገፋ ነው። ብርቱ ቁርጠትና ኢንፌክሽን ያስከትላል። በክሊኒክ የሚደረገው አይ ዩ አይ የሚለየውም በዚህ ነው፤ ዘሩ በላቦራቶሪ ታጥቦ፣ ደህና የሚንቀሳቀሰው ተለይቶ፣ በቀጭን ቱቦ ማህፀን ውስጥ ይደረጋል።

ከቤት ውስጥ ዘዴዎች እኔ በልበ ሙሉነት የምመክረው እንቁላል የሚለቀቅበትን ጊዜ የሚያመለክተውን የሽንት ስትሪፕ ነው። የመመርመሪያው መስመር ከማነጻጸሪያው መስመር እኩል ወይም ይበልጥ ሲደምቅ፣ እንቁላሉ ብዙውን ጊዜ ከ24 እስከ 36 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ይለቀቃል። እንቁላል ከወጣ በኋላ የሚቆየው ቢበዛ አንድ ቀን ነው፤ የወንድ ዘር ግን በሴቷ አካል ውስጥ እስከ 5 ቀን ሊቆይ ይችላል። ስለዚህ ለግንኙነት ይበልጥ የሚጠቅሙት እንቁላሉ ከመለቀቁ በፊት ያሉት ቀናት ናቸው። ፒ ሲ ኦ ኤስ (በሆርሞን መዛባት እንቁላል በየጊዜው የማይለቀቅበት ችግር) ያለባት ሴት ግን በስትሪፑ ብቻ አትመራ፤ ስትሪፑ የሚለካው ሆርሞን ሁልጊዜ ከፍ ብሎ ሊያሳስታት ይችላል። ደግሞም ስትሪፑ የሆርሞን መጨመርን እንጂ የማህፀን ቱቦ ክፍት መሆኑን አይናገርም።

ቱቦን ያነሣሁት በምክንያት ነው። በአፍሪካ ለመውለድ መቸገር ከሚያስከትሉት ዋና ዋና ምክንያቶች አንዱ የማህፀን ቱቦ መዘጋት ነው። ክላሚዲያን የመሰለ በግንኙነት የሚተላለፍ ኢንፌክሽን ምንም ምልክት ሳያሳይ ያልፍና ጠባሳ ይተዋል፤ ከወሊድ ወይም ከውርጃ በኋላ የሚመጣ ኢንፌክሽንም እንዲሁ፤ የማህፀን ቲቢም አለ። ሁለቱም ቱቦ የተዘጋባት ሴት ስትሪፕ ብትቆጥር፣ በሲሪንጅ ብትሞክር፣ አይ ዩ አይ እንኳ ብታሠራ ዕድሜዋን ብቻ ነው የምታባክነው። ለእሷ መንገዱ አይ ቪ ኤፍ፣ ማለትም እንቁላልና ዘር በላቦራቶሪ ተገናኝተው ጽንሱ ወደ ማህፀን የሚመለስበት ሕክምና ነው፤ አንዳንዴ ቀዶ ሕክምና። ይህን የሚያሳየው ኤች ኤስ ጂ የሚባለው ቀለም ተሰጥቶ የሚነሣ ኤክስሬይ ነው።

አሁን ስለ ባልሽ። ነገሩ የሚያንገበግበኝ እዚህ ላይ ነው። ሚስት ሁለትና ሦስት ጊዜ አልትራሳውንድ ተነሥታ፣ ደሟን ሰጥታ፣ ጸበል ተጠምቃ፣ መድኃኒት ውጣ ስታበቃ፣ ባል ገና ላቦራቶሪ ያልረገጠበትን ቤት ቆጥሬ አልጨርሰውም። ልጅ ካጡ ጥንዶች በግማሽ ያህሉ የወንዱ ድርሻ አለበት። የእሱ ምርመራ ደግሞ ከሁሉም ርካሹና ሕመም የሌለው ነው፤ ስለዚህ የመጀመሪያው ይሁን። ከ2 እስከ 7 ቀን ከግንኙነት ታቅቦ ናሙናውን እዚያው ላቦራቶሪ ቢሰጥ ይሻላል። ከቤት ይዞ ከመጣ በአንድ ሰዓት ውስጥ፣ ሰውነቱ ላይ ሙቀቱን እንደጠበቀ መድረስ አለበት፤ ከአያት ሰፈር ተነሥቶ በጠዋት መንገድ መሐል ከተማ ለመድረስ ያ ሰዓት አይበቃም። ወረቀቱ ሲመጣ ቁጥሩን ብቻ አትዩ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው መመሪያ የዘሩ ብዛት ዝቅተኛ መነሻ በሚሊ ሊትር 16 ሚሊዮን ሲሆን፣ ወደ ፊት የሚጓዘው 30 በመቶ፣ ቅርፁ የተስተካከለው ደግሞ 4 በመቶ ነው። በየመደብሩ የሚሸጡት የቤት ውስጥ መመርመሪያዎች አብዛኞቹ ብዛቱን ብቻ ስለሚያሳዩ ሰውን በከንቱ ያጽናናሉ። ውጤቱ ዝቅ ቢልም የዓለም መጨረሻ አይደለም። አንድ ዘር ተሠርቶ ለመጠናቀቅ ሁለት ወር ተኩል ገደማ ስለሚፈጅ፣ ሲጋራና ጫት ትቶ፣ ከሳውናና ከሞቀ ገንዳ ርቆ ከሦስት ወር በኋላ ይደገማል።

አንድ ወንድማችን «ክሎሚፊን በርካሽ እዚያው ግዢና ቤትሽ ሞክሪው» ብሎ መክሯል። ወንድሜ፣ በቅንነት እንዳልከው አውቃለሁ፤ ነገር ግን ይህን መድኃኒት ያለ ማዘዣ ከሚጠይቁኝ ሰዎች ጋር ዘወትር የምከራከርበት ምክንያት አለኝ። ክሎሚፊን እንቁላል ለማይለቀቅላት ሴት የሚሰጥ እንጂ ለሁሉም የሚሆን የማርገዣ ክኒን አይደለም። መንታ የማስረገዝ ዕድሉ ከፍ ያለ ነው፤ እንቁላል ማምረቻውንም ሊያሳብጥ ስለሚችል በአልትራሳውንድ ክትትል ይወሰዳል። ለፒ ሲ ኦ ኤስ ደግሞ ዛሬ ሐኪሞች የሚያስቀድሙት ሌትሮዞል የሚባለውን ሌላ ክኒን ነው። ያለ ምክር ዛሬውኑ መጀመር የምትችዪው ፎሊክ አሲድ ነው፤ በቀን 400 ማይክሮ ግራም፣ ከእርግዝናው በፊት። የጽንስ የአንጎልና የኅብለ ሰረሰር ጉድለት በአገራችን ብዙ ስለሚታይ ይህን አቅልለሽ አትዪው። ጸበል መሄድሽንም ማንም አይከለክልሽ፤ ምን እንዳለበት የማይታወቅ ሥር ተቀጥቅጦ ቢሰጥሽ ግን ከሐኪም መድኃኒት ጋር አትቀላቅዪው።

የአውሮፕላን ቲኬትሽን የወር አበባሽን ቀን አስልተሽ ቁረጪ። የሆርሞን ደም ምርመራው ብዙ ጊዜ የሚወሰደው በ2ኛው ወይም በ3ኛው ቀን ነው፤ ኤች ኤስ ጂ ደሙ ካቆመ በኋላ፣ እንቁላል ከመለቀቁ በፊት ይሠራል፤ እንቁላል መለቀቁን የሚያረጋግጠው የፕሮጄስትሮን ምርመራ ደግሞ ቀጣዩ የወር አበባ ሊመጣ 7 ቀን ገደማ ሲቀረው ነው። የወር አበባሽ ሊመጣ አንድ ወይም ሁለት ቀን ሲቀረው ከገባሽ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ በአንድ ጉዞ ያልቃሉ፤ ፕሮጄስትሮኑ ግን ዑደትሽ አጭር ካልሆነ ወደ ጀርመን ከተመለስሽ በኋላ ይደረጋል። በዑደትሽ አጋማሽ ከመጣሽ ግን ጊዜው በዘመድ ጥየቃ ያልፋል። የታይሮይድና የፕሮላክቲን ሆርሞን ምርመራም አብሮ ይታዘዝልሽ።

አይ ቪ ኤፍ እዚህ አይቻልም ማለቴ አይደለም። በጳውሎስ ሆስፒታል ሥር ያለው ማዕከል በመንግሥት ተቋም ደረጃ የመጀመሪያው ነው፤ የግል ክሊኒኮችም አሉ። ነገር ግን የሆርሞን መርፌው ብቻ ከ10 እስከ 14 ቀን ይወስዳል፤ እንቁላል ማውጣቱና ጽንሱን መመለሱ ሲጨመር ሦስት ሳምንት ጠባብ ነው፤ ያለ ቅድመ ምርመራ ደግሞ ጨርሶ አይሞከርም። በዚያ ላይ አንቺ ጀርመን ነሽ። የሕዝብ የጤና መድን ያላቸው ባልና ሚስት፣ ሚስት 40 ዓመት ሳይሞላት፣ ባል ደግሞ 50 ሳይሞላው፣ ሕክምናው ከመጀመሩ በፊት ዕቅዱ ከጸደቀላቸው፣ የሦስት ሙከራ ግማሽ ወጪ ይሸፈንላቸዋል። አንቺ 36 ነሽ። ከ35 በላይ የሆነች ሴት ስድስት ወር ሞክራ ካልሆነ መመርመር አለባት፤ እናንተ ሁለት ዓመት ሞክራችኋል። በቤት ውስጥ መሣሪያ አንድ ዓመት ቢጨመርበት ወደ መድኑ የዕድሜ ገደብ ይበልጥ ትቀርቢያለሽ።

እዚህም ሆነ እዚያ ክሊኒክ ስትመርጪ፣ በእኔ ዕድሜ ካሉት ስንቶቹ ልጅ ታቀፉ ብለሽ ጠይቂ፤ ስንቶቹ አረገዙ የሚለው ቁጥር ሁልጊዜ ይበልጣል። ዋጋውንም መድኃኒቱን ጨምሮና ሳይጨምር በጽሑፍ አስሰጪ፤ መርፌዎቹ ከውጭ ስለሚመጡ ዋጋቸው ከምንዛሪው ጋር ይለዋወጣል።

ስትመለሺ ደግሞ ዋናዎቹን ወረቀቶች ይዘሽ ሂጂ። የኤች ኤስ ጂውን ፊልም ወይም ሲዲ ሳትቀበዪ እንዳትወጪ፤ የጀርመኑ ሐኪም ሥዕሉን ራሱ ማየት ይፈልጋል፤ ካላየው ምርመራው ይደገምና ቁርጠቱን ዳግም ልትችዪው ነው። ስለ ቁርጠቱ፣ ከምርመራው አንድ ሰዓት ቀደም ብሎ የሚወሰድ ማስታገሻ ይዘዝልኝ ብለሽ ሐኪሙን ጠይቂው።