ለ1 ሄክታር ዋልካ መሬት የትኛው ትራክተር? ባለ ሁለት ጎማ 12፣ 15 ወይስ ባለ አራት ጎማ 25 ፈረስ ጉልበት

የሰንዳፋው
ጤና ይስጥልኝ ወገኖች። ሰንዳፋ አካባቢ 1 ሄክታር የስንዴና የጤፍ መሬት አለን፤ ጓሮው ደግሞ ሩብ ሄክታር ገደማ ሆኖ ሽንኩርትና ድንች ይበቅልበታል። አፈሩ ዋልካ ነው፣ ጓሮው ትንሽ ተዳፋት አለው። ማሽኑ ከማረስ ሌላ ውኃ እንዲስብልንና ምርት ገበያ እንዲያደርስልን እንፈልጋለን። ሻጮች የሚያወሩት ስለ ፈረስ ጉልበት ብቻ ነው። የቱን ትመክሩናላችሁ? ያገለገለ ከሆነስ ምኑ ይታያል?

ናፍጣ ቤት
ወንድሜ፣ ወረቀቱ ላይ የተጻፈውን ጉልበት እዚያ አታገኘውም። ሰንዳፋ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር አካባቢ ነው፤ ቱርቦ (አየር በግፊት የሚያስገባ ዕቃ) የሌለው የናፍጣ ሞተር ደግሞ በየ1,000 ሜትሩ 10 በመቶ ያህል ጉልበት ያጣል። 12ቱ 9፣ 15ቱ 11 ተኩል ግድም ሆኖ ነው የሚሠራልህ። ስለዚህ 12ቱን ተወው፤ ዋልካ ላይ ሁለት ማረሻ መጎተት ያቅተዋል።

ጭሱ ሲጠቁር ፖምፓ (ናፍጣ ወደ ሞተሩ የሚረጨውን) ከፍቶ ናፍጣ የሚጨምር መካኒክ አይጠፋም፤ እንዳታስነካው። የጎደለው አየር ነው። የተረፈው ናፍጣ ሳይቃጠል ሲሊንደሩን አጥቦ ይወርድና የሞተር ዘይቱን ያቀጥነዋል፣ ፋሻውም (የፒስተኑ ቀለበት) በጥላሸት ይጣበቃል።

ጊዜውንም አስላ። 40 ሳንቲ ሜትር የሚያርስ ጥንድ ማረሻ በሰዓት 3 ኪሎ ሜትር ሲሄድ፣ መዞሪያው ተቀንሶ፣ በሰዓት 800 ካሬ ሜትር ቢደርስ ነው። ሄክታሩ 12 ሰዓት ተኩል ይፈጃል፤ ሁለት ቀን ማለት ነው። ለዚህ ብሎ ባለ አራት ጎማ መግዛት አያዋጣም፤ ለጎረቤት በኪራይ የምታርስ ከሆነ ግን ሌላ ስሌት ነው።

ጥቁር አፈር
በ15ቱ እስማማለሁ፤ ነገር ግን ዋልካ ላይ ሞተሩ ሳይደክም ጎማው ነው ቀድሞ የሚሸነፈው። እንዲህ ፈትሸው፦ ጎማው ላይ በኖራ ምልክት አድርግና 20 ሜትር ለካ። 6.00-12 የሚባለው ጎማ ማረሻው ተነሥቶ ሲሄድ 10 ጊዜ ያህል ይዞራል። እያረሰ 12 ጊዜ ከዞረ 16 በመቶ በላይ በባዶው እየዞረ ነው። ከዚህ ካለፈ ጎማው ላይ ክብደት ጨምር ወይም የብረት ጎማ ግጠም።

ከ15 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት አፈር አውጥተህ በመዳፍህ ጨብጥ። እንደ ሊጥ ተጠቅልሎ ቀጭን ክር ከወጣው ገና ነው፤ ሲፈረፈር ግባ። ርጥብ ዋልካ ላይ መፈልፈያ ምላጭ (በሞተሩ እየዞረ አፈር የሚያደቀውን) ብታስገባ ላዩን ያለሰልስና ሥሩን ይለስነዋል፤ ውኃም አይሰርግም። ደርቆ የተሰነጠቀውን የመጀመሪያ እርሻ ግን ትልቅ ትራክተር ተከራይተህ አስገልብጠው፤ የ15ቱ ሥራ አይደለም።

ስለ ተዳፋቱ፣ ይህን ለሚነዳው ሰው ሳትነግረው አታሰማራው። ቁልቁለት ላይ የግራውን መጠምዘዣ (በዚያ በኩል ያለውን ጎማ ከማርሹ የሚያላቅቀውን የእጀታ መያዣ) ስትይዝ ማሽኑ ወደ ቀኝ ይሄዳል፤ የተለቀቀው የግራ ጎማ ሲንከባለል የቀኙን ማርሹ ይይዘዋልና። ቁልቁለት ላይ መጠምዘዣውን አትንካ፣ እጀታውን ገፍተህ አዙር። ምላጩ እየዞረም ወደ ኋላ ማርሽ አይገባም፤ እግር ላይ ነው የሚመጣው።

መለዋወጫ
ያገለገለ ከሆነ ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ እየው። ሻጩ አሙቆ ከጠበቀህ እስኪበርድ ጠብቅ። የመጭመቂያ መልቀቂያውን (ሞተሩ ሲነሣ እንዲቀል የታመቀውን አየር የሚያስወጣውን) ሳትይዝ ማኒቬላውን (በእጅ ማስነሻውን) ቀስ አድርገህ አዙር፤ እጅህን አጥብቆ ካልመለሰ ፋሻ ወይም ቫልቭ አልቋል። ከተነሣ በኋላ የውኃ ክዳኑን ክፈት፦ ሳያቋርጥ አረፋ ከወጣ ጓርኒሲዮን (ከቴስታታው ሥር ያለው ማሸጊያ) ተበልቷል ወይም ቴስታታ (የሞተሩ ራስ) ተሰንጥቋል። ዘይቱ ወተት ከመሰለ አትግዛ።

በእነዚህ ማሽኖች ላይ የሚገጠሙት ኤስ 195 እና ዜድኤስ 1100 ሞተሮች ይመሳሰላሉ፣ ግን የፒስተን ስፋታቸው 95 እና 100 ሚሊ ሜትር ስለሆነ ፒስተንና ፋሻ አይዋዋሱም። ቁጥሩን ከሞተሩ ላይ ጽፈህ ያዝ። ቺንጊያ (የሞተሩን ጉልበት የሚያስተላልፈው የጎማ ቀበቶ) አንዱ ሲበጠስ ሁሉንም ቀይር፤ አሮጌዎቹ ስለሚረዝሙ አዲሱ ብቻውን ይሸከማል። በዘይት የሚሠራውን የአየር ፊልትሮ በበጋ አቧራ በየቀኑ እየው።

የሰንዳፋው
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። 15ቱን እናያለን። የጉድጓዱ ውኃ በበጋ 9 ሜትር ይወርዳል፤ በቺንጊያ የሚዞር ባለ 3 ኢንች ፓምፕ ይስበዋል?

ናፍጣ ቤት
አይስበውም። በዚያ ከፍታ የአየሩ ግፊት አነስተኛ ስለሆነ ከ5 ሜትር በላይ መምጠጥ አትጠብቅ፤ 15ም ይሁን 25 ፈረስ ጉልበት ለውጥ የለውም። ሞተሩን ጉድጓድ ውስጥ ማውረድ ደግሞ ጭሱ ሰው ይገድላል። ለጉድጓዱ ውኃ ውስጥ የሚጠልቅ የኤሌክትሪክ ፓምፕ ግዛ፤ ባለ 3 ኢንቹ ከወንዝ ወይም ከኩሬ ለመሳብ ብቻ ይሁንልህ።