ጳውሎስ ምኑን ነው የጣለው?

ከጎንደር፦ ትናንት አንድ ሰባኪ «ጳውሎስ ደማስቆ መንገድ ላይ አይሁድነቱን ጥሎ ክርስቲያን ሆነ» ሲል ሰማሁ። ሕዝቡም አሜን አለ። ሌሊቱን ሲከነክነኝ አደረ። ጳውሎስ ራሱ ሮሜ 11 ላይ «እኔ ደግሞ እስራኤላዊና ከአብርሃም ዘር ከብንያምም ወገን ነኝና» ይላል። «ነኝ» ነው ያለው። «ነበርሁ» አላለም።

ከአዳማ፦ ገላትያ 1፥13ንስ? «በአይሁድ ሥርዓት በፊት እንዴት እንደ ኖርሁ» ይላል። «በፊት» ምን ማለት ነው? ፊልጵስዩስ 3 ላይም መገረዙንና ፈሪሳዊነቱን ዘርዝሮ ሲያበቃ «እንደ ጉድፍ እቆጥራለሁ» ብሏል። ሰባኪው ምን አጠፋ?

ከጎንደር፦ ቁጥሩን ጨርሰህ አንብበው እንጂ! «በፊት» ያለው ቤተ ክርስቲያንን ሲያሳድድ የኖረውን ኑሮ ነው። ትንሽ ዝቅ ስትል «ከእናቴ ማኅፀን ጀምሮ» የለየኝ ይላል። ኤርምያስም የተጠራው እንዲሁ ነው፤ «ከማኅፀንም ሳትወጣ ቀድሼሃለሁ፥ ለአሕዛብም ነቢይ አድርጌሃለሁ» ተብሎ። ጳውሎስ ወደ አሕዛብ የሄደው እንደ እስራኤል ነቢያት ተጠርቶ ነው።

ከአዲስ አበባ፦ ስሙስ? ሳውል ቀርቶ ጳውሎስ ሆነ ሲባል አይደል ያደግነው?

ከሐዋሳ፦ ሐዋርያት ሥራ 13፥9 «ጳውሎስ የተባለው ሳውል» ይላል። ያኔ ቆጵሮስ ነው ያለው፤ ከደማስቆ ብዙ ዓመት አልፎ። ሁለቱም ስሙ ነው።

ከአዳማ፦ ስሙን ተዉት። «ከአይሁድ ጋር እንደ አይሁዳዊ ሆንሁ» ያለውን መልሱልኝ። አይሁዳዊ ሰው እንዴት «እንደ አይሁዳዊ» ይሆናል?

ከዋሽንግተን፦ ወንድሜ፣ አንድ ሲጎድል አርባ ግርፋት፣ አምስት ጊዜ ተገርፏል፤ 2ኛ ቆሮንቶስ 11። የምኩራብ ቅጣት ነው። ምኩራብ የሚቀጣው ደግሞ የራሱን ሰው ነው። ጥሎ ቢወጣ ኖሮ ማን ይነካው ነበር? አምስት ጊዜ ተመልሶ ጀርባውን ሰጠ። ይህን ባነበብኩ ቁጥር እንባዬ ይመጣል።

ከአዳማ፦ እህቴ፣ የገረፉት እኮ ከድቶናል ብለው ነው። ግርፋቱ ለእኔ ነው የሚመሰክረው።

ከጎንደር፦ ታዲያ ጢሞቴዎስን ለምን ገረዘው?

ከአዲስ አበባ፦ ቲቶን ግን አላስገረዘም።

ከጎንደር፦ እሱን ነው የምልህ! የጢሞቴዎስ እናት አይሁዳዊት ናት። ቲቶ የግሪክ ሰው ነው። አይሁዳዊው አይሁዳዊ እንደሆነ፣ አሕዛቡም አሕዛብ እንደሆነ ይግባ ነው ያለው።

ከሐዋሳ፦ እኛስ ልጆቻችንን በስምንተኛው ቀን የምንገርዘው ከየትኛው ወገን ሆነን ነው?

ከጎንደር፦ አፄ ገላውዴዎስ እ.ኤ.አ. በ1555 መልሰውታል። እንደ አይሁድ አይደለም፤ ፊት እንደ መብጣት የአገር ልማድ ነው ብለው።

ከሐዋሳ፦ ልማድ ከሆነ ስምንተኛው ቀን ከየት መጣ? ከዘፍጥረት 17 አይደለም?

ከዋሽንግተን፦ ኧረ የተነሳነው ከጳውሎስ ነው!

ከአዳማ፦ አዎ፣ ከጳውሎስ። «እንደ» የምትለዋን ቃል ግን እስካሁን ማንም አልመለሰልኝም።