የትሪም ጠቋሚዬ እያሳሳተኝ ነው

ጥያቄ፦ ከሜሪላንድ
ሰላም ወገኖች። ቼሳፒክ ቤይ ላይ የምነዳት ስተርንድራይቭ ጀልባ አለችኝ፤ ሞተሩ ውስጥ ነው፣ ፕሮፔለሩን የያዘው ድራይቭ ደግሞ ከኋላ ውጭ ነው። ትሪሙን፣ ማለትም ድራይቩ ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ምን ያህል እንዳዘነበለ የሚያሳየው የኤሌክትሪኩ ጌጅ ውኃ እየገባበት ሁለቴ ተበላሸ። ስለዚህ በኬብል የሚሠራውን ሜካኒካል ጠቋሚ ራሴ ገጠምኩ። አሁን መሪውን ወደ ግራ እስከ መጨረሻው ስጠመዝዝ፣ ትሪሙን ሳልነካው ቀስቱ ይንቀሳቀሳል። ድራይቩን እስከ ታች ሳወርደውም ዜሮ ላይ አይቆምም። የተረፈውን ኬብል ጠቅልዬ ሞተሩ ጎን አስሬዋለሁ። ጥፋቴ የቱ ጋ ነው?

መልስ፦ ከሲያትል
ወንድሜ፣ የተረፈው ኬብል ያለቦታው ነው የተቀመጠው። ውስጥ ጠቅልለኸዋል፤ ውጭ፣ ከድራይቩ ጋር የሚያያዘው ጫፍ ግን ተወጥሯል። ድራይቩ ሲዞር ኬብሉን ይጎትተዋል። ውጭ ላይ ላላ አድርገው። ከዚያ አንድ ሰው መሪውን ግራና ቀኝ እስከ ጥግ ያዙርልህ፣ ትሪሙንም ላይ ታች ያድርግ፤ አንተ ከኋላ ቆመህ እይ። እጅህን ግን አታስገባ።

ጥቅሉንም ፍታው። እኔ ከ20 ሴንቲሜትር ራዲየስ በታች አላጥፈውም። ውስጡ ያለው ሽቦ የታጠፈበት ቦታ ላይ ሲፋተግ ቀስቱ ወደኋላ ይቀራል።

ዜሮውን በተመለከተ፣ እስከ ታች መውረድ ዜሮ ማለት አይደለም። ድራይቩ መጨረሻው ላይ ወደ ጀልባዋ ገባ ይላል። ትሬለሩ ላይ እንዳለች ረጅም ቀጥ ያለ ጣውላ ከሆዷ ስር አስደግፍ። የፕሮፔለሩ ዘንግ ከጣውላው ጋር ትይዩ ሲሆን ቀስቱን እዚያ እሰር። ዜሮህ እሱ ነው።

ለመሆኑ ኬብሉን ለማሳለፍ የጀልባዋ የኋላ ግድግዳ ላይ የበሳኸውን ቀዳዳ በምን ደፈንከው?

ከሜሪላንድ
በመታጠቢያ ቤት ሲሊኮን ነው ጋሼ።

ከሲያትል
ዛሬውኑ አውጣው! ብዙ ጀልባ ላይ ከፋይበርግላሱ መሃል እንጨት አለ። ውኃ ከገባው ውስጥ ለውስጥ ይበሰብሳል፤ እኔ በማንኪያ የሚዛቅ ግድግዳ አይቻለሁ። ቀዳዳውን አድርቀህ ጠርዙን ኢፖክሲ ቀባው፣ ከዚያ ለጀልባ በተሠራ ማሸጊያ ድፈነው።

የናንተ ውኃ ጨው አለበት። ከየጉዞው በኋላ ጫፉን በንጹሕ ውኃ እጠበው፣ ማያያዣውንም ግሪስ ቀባው። በዓመት አንዴ ጫፉን ፈትተህ በእጅህ ግፋው፣ ሳበው። ከያዘህ ዘይት አታፍስስበት፤ ውስጡ ዝጓል ማለት ነው፣ ቀይረው።

ከባሕር ዳር
እኛ ጣና ላይ በትንሽ አውትቦርድ፣ ከጀልባዋ ኋላ ውጭ በሚንጠለጠል ሞተር ነው የምንሠራው። ትሪሙ በፒን ነው። ሰው ፊት ለፊት ሲበዛ አፍንጫዋ ይቀበራል፤ ያኔ ፒኑን አንድ ቀዳዳ ወደ ውጭ እናወጣዋለን። የለመድነውን ቀዳዳ በቀይ ቀለም ምልክት አድርገንበታል። አንተም ዜሮውን ስታገኝ ድራይቩ ላይ ቀለም አድርግበት። ኬብሉ ሲንሸራተት ወደብ ላይ ቆመህ ታውቃለህ።

ከሜሪላንድ
እግዜር ይስጥልኝ። ኬብሉን ፈትቻለሁ፣ ውጭ ላይ አንድ ክንድ ያህል ላላ አደረግኩት። አሁን መሪው ሲዞር ቀስቱ ንቅንቅ አይልም። ሲሊኮኑን እየፋቅኩ ነው፤ እንጨቱ ደረቅ ነው፣ ተመስገን። ቅዳሜ ጣውላውን ይዤ ዜሮውን እፈልጋለሁ።