ጥቁር ክር ለቂም ብዬ ነበር፤ ሰው ሌላ አደረገው

ጠያቂ፦
ሰላም ናችሁ? ጎንደር ነኝ፣ ፒያሳ አካባቢ። ሰው እየነካ የሚጨርሰው የሥነ ጥበብ ሥራ እየሞከርኩ ነው። አንድ ካፌ ጓሮ ትልቅ ሳንቃ አቁሜ ምስማሮቹ ላይ ዕቃ ሰቀልኩ። እንዝርት ለእናት፣ ሲኒ ለጎረቤት፣ የበር ቁልፍ ለአከራይ። የመጣ ሰው ክር ይመርጣል፤ ነጩ ፍቅር፣ ጥቁሩ ቂም። ከዚያ የፈለገው ዕቃ ላይ ያስራል። ከተማው ማንን እንዳኮረፈ አያለሁ ብዬ ነበር።

ቁልፉ በጥቁር ተተበተበ፤ ይሄ ይጠበቃል። ግን አንዲት እናት ነጠላቸውን አስተካክለው ጥቁሩን መዘዙና እንዝርቱ ላይ ጠምጥመው አሰሩ። ደነገጥኩ። «እማማ፣ ከእናትዎ ጋር ተጣልተው ነበር?» አልኳቸው። «በስመ አብ! ማተብ ነው እንጂ ልጄ» አሉኝ። ከኋላ የነበሩትም ተከተሏቸው። አሁን እንዝርቱ ጥቁር በጥቁር ነው፤ የቱ ቂም፣ የቱ ማተብ እንደሆነ አይለይም። ቀለሙን ልቀይር ወይስ ልተወው?

ምላሽ 1፦
ተወው። ማሪና አብራሞቪች የምትባል የሥነ ጥበብ ሰው እ.ኤ.አ. በ1974 ጣሊያን፣ ኔፕልስ ላይ 72 ዕቃ ጠረጴዛ ላይ ደርድራ ለስድስት ሰዓት ዝም ብላ ቆመች። ጽጌረዳ አለ፣ ምላጭ አለ፣ ሽጉጥና ጥይትም አለ። ሰው የፈለገውን እንዲያደርግባት ፈቅዳለች። ሲጀመር ጨዋ ነበሩ፤ ኋላ ልብሷን ቀደዱ፣ ሽጉጡም ተደገነባት። ሰዓቱ አልቆ ወደ እነሱ መራመድ ስትጀምር ሸሹ። ዕቃውን የመረጠችው እሷ ናት፤ የሆነውን ያደረገው ግን ሰው ነው።

ምላሽ 2፦
እኔ ጥቁር ሳይ ትዝ የሚለኝ ከል ነው። እናቱ ያረፈችበት ሰው እዚያ እንዝርት ላይ ምን ይሰር? ለሐዘን ቦታ አልተውክም እኮ። ደግሞ አደራህን፣ «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ብለህ እንዳትለጥፍበት።

ምላሽ 3፦
ከቀለሙ ይልቅ ተመልካቹ ነው ችግሩ። እዚያ ጓሮ ክር ያነሳሁ ቀን ዐይኑ ሁሉ የመላእክት ፊት እንደተሳለበት እንደ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ጣሪያ እኔ ላይ ነበር። ጎረቤት እያየኝ ሲኒው ላይ ጥቁር ላስር? ማታ እኮ ቡና እጠራለሁ! መጋረጃ ስቀልና ያን ጊዜ ሲኒውን እየው።

ጠያቂ፦
እውነት ነው፣ ሲኒው ላይ አንድም ጥቁር የለም! መጋረጃ እሰቅላለሁ። ቀለሙ ይቆይ፤ «ጥቁር ቂም ነው» የሚለውን ወረቀት ግን ቀድጄዋለሁ። የካፌው ባለቤት ደግሞ ቁልፉን አውርድ ብለውኛል፤ ለካ ቤት ያከራያሉ። አላወርድም ስላልኩ ዱቤ ተከልክያለሁ።